ከሆነ በኋላ የሚነገር ትንቢት

አክስት ኦሊቭ የተነበየችው ሁሉ ደርሷል፤ ከአንዱ በቀር። ሚስጥሩም ቀላል ነበር፤ የምትተነብየው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ የገባኝ ግን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ኦሊቭ ከእግዚአብሔር ቀጥላ ሁሉን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ አንዳንድ ቀን ማን ከማን እንደሚቀድም ራሱ እጠራጠር ነበር። የጎረቤታችን የሚስስ ፒርት ጭስ ማውጫ ተንዶ የዶሮ ቤቷን ሲደፈጥጥ፣ ኦሊቭ ከምትሠራው ሹራብ ቀና እንኳ ሳትል «የሻይ ስኒዋ ሥር አይቼው ነበር» አለች። የቤተ ጸሎቱ ሰባኪ የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ይዞ ሲጠፋ «ብዬ ነበር» አለች። የመንደሩ ድመት ስትወልድም ብላ ነበር። «መቼ አልሽ? ለማን አልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በኦስተርቢ አልነበረም። ለሌላው ሰው ያለችው እየመሰለው ሁሉም «እውነትም ኦሊቭ ብላለች» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ በኦስተርቢ ግን ጅቡ መሄዱን ራሱ ሰው የሚያምነው ኦሊቭ ስትናገር ነበር።

ኦስተርቢ የዮርክሽር ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ገደል ላይ ስለተሠራች የአንዱ ደጃፍ ከሌላው ጣሪያ ጋር እኩል ነው። እኛ ቤት ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እናቴ ማሪያን፣ ኦሊቭና እኔ ጊል። ኦሊቭ የአባቴ አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞትበት አንሥታ ያሳደገችው እሷ ነበረች። አባቴን ሮቢን፣ እኔ ገና በእቅፍ ሳለሁ፣ ከነጀልባው ባሕር በላው።

ስለ አባቴ ሞት የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ኦሊቭ ቀድማ ማየቷን ነው። ባሕር ከመውጣቱ በፊት በጠጣበት ስኒ ሥር የተገለበጠ ጀልባ አይታ ነበር። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የምታወራውም ራሷ ናት፤ ስትጨርስም ሁልጊዜ «አየሁ፤ ዝም አልኩ። ጥፋት ካለ የኔ ነው» ትላለች። እኔ በዚህ ትንቢት እኮራ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ የማንኛቸውም አክስት እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አላየችማ። እናቴ ግን ወሬው ሲነሣ ብድግ ትልና የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች። የራሷንም ስኒ አታስነብብም። ሻይዋን እስከ ግማሽ ትጠጣና የቀረውን ከነቅጠሉ ትደፋዋለች። የሚመጣውን ስለምትፈራ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ስንጥር ነው። በፀደይ ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ በእናቴ ሻይ ላይ አንዲት የቅጠል ስንጥር ተንሳፈፈች።

«እንግዳ!» ብላ ሚስስ ፒርት ከወንበሯ ዘለለች። እኛ ዘንድ ሻይ ላይ የምትንሳፈፍ ስንጥር እንግዳ ናት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሻይ ባይጠጣ ይሻለዋል።

ኦሊቭ ስንጥሯን አውጥታ በፊት ጥርሷ ነከሰቻት። «ጠንካራ ናት። ወንድ ነው።»

«ወንድ!» አለች ሚስስ ፒርት፣ እናቴን ከላይ እስከ ታች እያየቻት። «በዚህ ቤት ሱሪ የታየው መቼ ነበር ማሪያን?»

«የከሰል ሰውዬው ይሆናላ» አለች እናቴ። ጆሮዋ ግን ቀላ።

ኦሊቭ ስንጥሯን በእናቴ እጅ ጀርባ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ በሌላው እጅ መምታት ነው፤ እያንዳንዱ ምት አንድ ቀን ነው፤ የወደቀችበት ቀን እንግዳው ይመጣል። እናቴ እየሳቀች መታች፣ መታች፣ ስንጥሯም ረቡዕ ላይ ወደቀች።

ረቡዕ የመጣው የከሰል ሰውዬው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በየረቡዑ ይመጣል። ዓርብ ዕለት ግን አንድ ቢጫ ቫን ከመንደሩ አናት ላይ ቆመ፤ ከውስጡም እንደ ድስት እጀታ ጆሮው የቆመ ረጅም ሰውዬ ወጥቶ፣ የሚከራይ ክፍል ፈልጎ የኛን በር አንኳኳ።

«ብዬ ነበር» አለች ኦሊቭ።

«ረቡዕ ነበር እኮ ያልሽው» አልኳት።

«ረቡዕ ልቡ ተነሥቷል። እግሩ ነው ዛሬ የደረሰው።»

ሰውዬው ሚስተር ዊልፍ ታስከር ይባላል፤ ከሊድስ ከተማ ነው የመጣው፤ ሥራው በየመንደሩ እየዞረ ሻይ መሸጥ ነው። ሻይ ሻጭ ሲባል ኦሊቭ ፊቷ በራ። እጇን በመጎናጸፊያዋ ጠርጋ፣ ለቀብርና ለሠርግ የምታወጣውን ስኒ አወጣች። እሱም ሻንጣውን ጠረጴዛችን ላይ ከፈተ። በውስጡ ተደርድረው የተቀመጡ ትንንሽ ነጭ ከረጢቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ክር ታስሮባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም።

ኦሊቭ አንዱን የሞተ አይጥ እንደምታነሣ በክሩ አነሣችው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ሻይ ነው፣ እሜቴ።»

«ሻዩ የታለ?»

«ውስጥ ነዋ!»

«ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

ሚስተር ታስከር ስለ ከረጢቱ ያወራ ጀመር። ማጥለያ አይፈልግም፣ ስኒ ሥር ዝቃጭ አይተውም፣ ማጠቢያ አይደፍንም። «ከጠጡ በኋላ ስኒዎ ጽድት ያለ ነው!» አለ በኩራት።

«ጽድት ያለ» አለች ኦሊቭ ቀስ ብላ። «ምንም የማይታይበት።»

እኔ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ደነገጥኩ። የዚህ ሰው ዓላማ ወለል ብሎ ታየኝ። የሻይን አፍ ሊሰፋ ነው የመጣው። ቅጠሉ በሙሉ ከታሰረ ኦሊቭ ምን ታያለች? ኦሊቭ ካላየች ደግሞ ማን ያይልናል?

እሱ ግን ምንም አልጠረጠረም። ስጦታ ይዞ ስለመጣ፣ ከኮቱ ኪስ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ጥቅል አውጥቶ «የሊድስ ምርጥ የአሳማ ፓይ!» ብሎ ጮኸ።

ኦስተርቢ ውስጥ የዚያን እንስሳ ስም የሚጠራ የለም። ሥጋውን እንበላዋለን፤ ስሙን ግን «ያ ነገር» ነው የምንለው፤ ስሙ የተነሣ ዕለት ጀልባ አይወጣም፤ ስሙን የሰማ ሰውም ክፉው እንዲመለስ ቶሎ ብሎ ብረት መንካት አለበት። ስለዚህ ሚስስ ፒርት የእሳት መቆስቆሻውን አንቃ ያዘች፤ ኦሊቭ መቀሷን፤ እኔ የበሩን መሸጎሪያ። ሚስተር ታስከር ፓዩን እንደያዘ፣ ብረት ብረት ጨብጠው ያፈጠጡበትን ሦስት ሴቶች በየተራ አየ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

እናቴ ፈነዳች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በስተኋላ በኩል አንድ ጥርሷ መውለቁን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል አፏን ከፍታ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሰውዬው ብረት ባለመንካቱ መዓት እንደሚወርድበት አውቃ የሳቀች ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሚስተር ታስከር በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ጀመር፤ ቆይቶም በየሳምንቱ። ኦስተርቢ ያን ያህል ሻይ ብትጠጣ ኖሮ ባሕሩ ይጎድል ነበር። ዛሬ ሳስበው መንደሩ ሁሉ የገባው ነገር እኔን ብቻ እንዴት እንዳመለጠኝ ይገርመኛል። ሚስስ ፒርት እንኳ ቫኑ ከላይ ሲታይ «ማሪያን፣ ሻይሽ መጣ!» እያለች ከግንብ ግንብ ትጮኻለች፤ እናቴም ፀጉሯን ትነካካለች። እኔ ግን የማየው ከረጢት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ጓዳችን መደርደሪያ ላይ ሲወጡ፣ የጠላት ወታደር አገሬ የገባ መሰለኝ።

በሐምሌ መግቢያ ላይ ከጓዳው በር ኋላ ሆኜ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ንገሪያት እንግዲህ» አለ እሱ።

«ከጀልባው ቀን በፊት አይሆንም። ድንገት ብነግራት ልቧ ይሰበራል።»

«አብራን ትምጣ ብዬሻለሁ እኮ።»

«አትመጣም ዊልፍ። አሮጊት ዛፍ ከነሥሯ አትነቀልም። እሷን ጥዬ ደግሞ እኔ የትም አልሄድም።»

የጀልባው ቀን የምንለው ለነፍስ አድን ጀልባችን ገንዘብ የሚሰበሰብበትን በዓል ነው። ያን ዕለት ኦሊቭ ወደቡ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ለሕዝብ ስኒ ታያለች። እናም እኔ የሰማሁትን እንደገባኝ ተረጎምኩት። ከበዓሉ በኋላ ሻዩ ሁሉ ከረጢት ሊገባ ነው፤ የኦሊቭም ልብ ሊሰበር ነው። እናቴ ሰውዬውን አግብታ ሊድስ መኖር እንደምትፈልግ፣ ግን ሟች ባሏን ያሳደገችላትን ሴት ብቻዋን ትታ መሄድ ሞት እንደሆነባት፣ በዚያች ጓዳ ውስጥ እያለቀሰች እንደነበረ እንኳ አልታየኝም። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ብቻ ነው የታየኝ።

የበዓሉ ዋዜማ፣ ሁሉም ወደቡን ሊያሸበርቅ ሲወጣ፣ የኦሊቭን መቀስ ይዤ ጓዳ ገባሁ። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ነፃ አወጣኋቸው። ከውስጣቸው የወጣው ግን የማውቀው ቅጠል ሳይሆን፣ ሚስስ ፒርት ከምትስበው ሱረት የደቀቀ ጥቁር ዱቄት ነበር። እስር ቤት አክስቷቸው ነው ብዬ በጣም አዘንኩ። «አይዟችሁ» እያልኩ ኦሊቭ ለበዓሉ ባዘጋጀችው ትልቅ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጤነኞቹ ቅጠሎች ጋር ደባልቄ ገለበጥኳቸው። ወንድሞቻቸውን ሲያዩ የሚያገግሙ መስሎኛል።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ። የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾቹ ነፋሱ የኖታ ወረቀታቸውን እየወሰደባቸው ከሚታወቀው ዜማ አምልጠው የራሳቸውን ይጫወታሉ። ልጆች ሸርጣን ይዘው ይባረራሉ። ኦሊቭ ትልቋን ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ቡናማውን በራዷን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሰልፉ እስከ ዓሣ ማጨሻው ድረስ ደርሷል። በዚያ በዓል ላይ እንኳ ኦሊቭ የምትናገረው ያለፈውን ነበር። «አምና ጉልበትሽን አሞሽ ነበር» ትላለች፤ ሴትዮዋ «በስመ አብ! እንዴት አወቅሽ?» ብላ እያነከሰች ትሄዳለች።

የመጀመሪያዋ ሚስስ ፒርት ነበረች። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ፊቷን አጨፈገገች።

«ኦሊቭ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ የከሰል ጓዳ?»

«ጠጪና ገልብጪ፣ ወሬኛ!»

ሚስስ ፒርት ጨልጣ፣ በግራ እጇ አዙራ ገለበጠች። ኦሊቭ ስኒውን ቀና አድርጋ አየች። ሥሩ ድፍን ጥቁር ነበር፤ መልህቅ የለ፣ ወፍ የለ፣ ቀለበት የለ። ጭቃ ብቻ።

«ምን ታየሽ?» አለች ሚስስ ፒርት።

«ቆይ እስቲ» አለች ኦሊቭ። «ቀጣይ!»

የቀጣዩም ጥቁር ነው። የሦስተኛውም። ሽማግሌው ኔድ፣ የነፍስ አድን ጀልባው መሪ፣ የራሱን ስኒ አንገቱን አስግጎ አየና «እኔ ነገ ባሕር አልወጣም» ብሎ አስታወቀ። ወሬው ሰልፉን ይዞ ወደ ኋላ ሮጠ። የአንዱም የሌላውም ስኒ ጨልሟል፣ መንደሩ ሊያልቅ ነው ተባለ። አንዲት ሴት ልጆቿን መሰብሰብ ጀመረች። ከበሮ መቺው መምታቱን አቆመ። የኦስተርቢ ሕዝብ ማዕበል ሲመጣ እየዘፈነ የሚወጣ ሕዝብ ነው፤ ያን ዕለት ግን በአንድ በራድ ሻይ ተሸብሮ ነበር። እኔም አብሬ ተሸበርኩ፤ እንዴት ልሸበር እንደቻልኩ ግን ዛሬም አላውቅም።

ሚስተር ታስከር ግርግሩን ሰምቶ ሰው እየገፋ መጣ። አንዱን ስኒ አንሥቶ ቀመሰ። ምላሱን አጣጣመ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ፊቱም ቀስ በቀስ በራ።

«ይሄማ የኛ ሻይ ነው! ከረጢቱን ማን ቀደደው?»

የመንደሩ ዓይን ሁሉ ዞሮ መጣና ከእኔ ላይ አረፈ፤ መጎናጸፊያዬ እስካሁን በጥቁር ዱቄት እንደተለወሰ ነበርና።

«ታስረው ነበር» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ኔድ ነው። ከዚያ ወደቡ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ፣ ከበሮውም ተመታ፣ ሰውም የጀልባ ውድድሩን ሊያይ እየተላፋ ወደ ውኃው ወረደ። ኦሊቭ ግን አልሳቀችም፤ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። በዚያን ጊዜ እናቴ መጥታ ከፊቷ ተቀመጠች። በራዱን አንሥታ ለራሷ ቀዳች። ያን ጥቁር ነገር ፊቷን ሳታጨፈግግ እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ በዕድሜዬ እንዲህ ስታደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያም አዙራ ገለበጠችው።

«እዪልኝ» አለች።

«ጭቃ ነው ማሪያን። አልሰማሽም?»

«ጭቃውን እዪልኝ። ዊልፍ አግቢኝ ብሎኛል። ቤቱ ሊድስ ነው። ልሂድ ወይስ አልሂድ? ከሆነ በኋላ 'ብዬ ነበር' እንዳትዪኝ፤ አሁን ንገሪኝ።»

ኦሊቭ ስኒውን ከራሷ ገፋችው። ኦሊቭ ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር። «እኔ... ቀድሜ አልናገርም። ለሮቢ አይቼ ዝም ብዬ የደረሰውን ታውቂያለሽ። ጥፋቱ የኔ...»

«ኦሊቭ» አለች እናቴ በጣም ቀስ ብላ። «ሮቢ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። ካካዋ ነበር የሚጠጣው።»

ነፋሱ የጠረጴዛውን ልብስ አነሣው። ማንም አልያዘውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች ኦሊቭ።

«ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ። ካካዋውን ያፈላሁለት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያን ጠዋት አሞኛል፣ ልተኛ ሲለኝ 'ተነሥ አንተ ሰነፍ' ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እንደዚያ ባትዪኝ አብድ ነበር። ሸክሜን ከትከሻዬ ወስደሽ ስትሸከሚው እያየሁ፣ ውሸትሽን ነው ልበልሽ?»

ኦሊቭ ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ የሁለቱም ጣቶች በሻይ ዱቄት ጠቁረው ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አባቴ ካካዋ ጠጥቶ ሰጠመ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ካካዋ በአፌ አልዞረም፤ የሚጠጣ ልጅ ሳይም እመክር ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሆነው ሁሉ ገብቶኛል። ኦሊቭ ያሳደገችውን ልጅ ባጣችበት ሳምንት፣ የገዛ ሐዘኗን ትታ፣ ለእናቴ የሚሆን ትንቢት ፈጠረች። ነገሩ ቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ጥፋትም ካለ ያንቺ አይደለም ለማለት። እናቴም ዓመታቱን ሁሉ ሻይዋን በግማሽ የደፋችው የሚመጣውን ፈርታ ሳይሆን፣ ኦሊቭ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳትዋሽላት ብላ ነው። «ብዬ ነበር» የኦሊቭ ጉራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው እንዲተኛ የምታለብሰው ብርድ ልብስ ኖሯል።

ኦሊቭ የእናቴን ስኒ አነሣች። ውስጡን አየች፤ ከዚያ ባሕሩን አየች፤ ከዚያ ጀልባ ሲገፋ ተንሸራትቶ ውኃ ውስጥ የተቀመጠውን ሚስተር ታስከርን አየች። በሕይወቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ከስኒ አንብባ ገና ያልሆነ ነገር ተናገረች።

«ታገቢዋለሽ» አለች። «ያንኮራፋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ እሱም እጠግናለሁ ብሎ ያባብሰዋል። ወንዶች ልጆች ትወልጃለሽ፤ አዝናለሁ፤ ጆሮውን ይወርሳሉ። ብዙ ትስቂያለሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ። ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባሕሩን ማን ይጠብቀዋል?»

እናቴ አልቅሳ ለመነቻት፣ እሷ ግን «ስኒው ያለውን ብሏል» አለች። እኔ ደግሞ ልቤ ወለቀ። ኦሊቭ ያለችው መሬት አይወድቅም፤ እዚሁ ነኝ ካለች እዚሁ ናት፤ እኛ ደግሞ እንሄዳለን። በጋውን በሙሉ ሌላ ስኒ እንድታይ ተለማመጥኳት። ጥሩ ቅጠል መረጥኩላት፣ በራዱን አጠብኩላት። «አንቺ ልጅ፣ ዕጣ ፈንታ እንደ እግር ሹራብ አይቀየርም» እያለች ታባርረኛለች። ኦሊቭን በጣም ነበር የምወዳት። ያን ጊዜ ያወቅሁት ከሊድስ ይልቅ ሞትን የምመርጥ መሆኔን ነው፤ ለሚስስ ፒርትም ይህንኑ ነግሬያት አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ።

ሠርጉ በመስከረም በቤተ ጸሎቱ ሆነ፤ ዝናቡም ወረደ።

«ብዬ ነበር» አለች ኦሊቭ።

«ፀሐይ ነው ብለሽ ነበር!» አለች ሚስስ ፒርት።

«በአፌ ነዋ። በሆዴ ዝናብ ነበር ያልኩት።»

ዕቃችን ወደ ላይ ወደ ቫኑ ተጓጓዘ። መሄጃው ሲደርስ ኦሊቭን ልሰናበት ወደ ቤት ቁልቁል ሮጥኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። ምድጃው ጠፍቷል። የሹራብ መሥሪያዎቿ ከወንበሯ ላይ የሉም፤ ቡናማው በራድም ከመደርደሪያው ላይ የለም። ስንብቱ አልሆንላት ብሎ የሆነ ቦታ ተደብቃ እያለቀሰች ነው ብዬ አሰብኩና፣ እኔም እየጮኽኩ አለቀስኩ። ዳገቱን እያነባሁ ወጣሁ፤ አፍንጫዬን በአዲሱ የሠርግ ቀሚሴ ጠረግሁ።

ከላይ ስደርስ እናቴ በዝናቡ ውስጥ አፏን ከፍታ ቫኑን ታያለች። በፊተኛው ወንበር ላይ፣ ትልቋን ባርኔጣዋን ደፍታ፣ በፎጣ የተጠቀለለውን በራድ አቅፋ፣ ኦሊቭ ተቀምጣለች። ዓይኗ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ነው።

«ኦሊቭ» አለች እናቴ። «ወዴት ነው?»

«ወደ ሊድስ ነዋ። ሌላ የሚኬድበት አለ?»

«እዚሁ ነኝ ብለሽ አልነበረም?»

«እንደምመጣ አይቼው ነበር።»

«የት ላይ ነው ያየሽው? ስኒው እኮ ጭቃ ነበር።»

ኦሊቭ ባርኔጣዋን አስተካከለች። ወደ እናቴም ዞረች።

«ካካዋው ላይ» አለች።

እናቴ የቫኑን በር ይዛ፣ የሠርግ ልብሷ ጭቃ ላይ እየተጎተተ፣ ያቺ የወለቀች ጥርሷ ቦታ እስክትታይ ሳቀች፤ አለቀሰች፤ ደግሞ ሳቀች።

«ካካዋ አለ እንዴ?» አለ ሚስተር ታስከር፣ ከኋላ የዕቃ ገመድ እያሰረ።

ኦሊቭ ከመጣ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው ነበር የከረመችው፤ እርስዎ ሻይ ሻጩ፣ እርስዎ የሊድሱ። ያን ዕለት ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«አንተ ባለ ጆሮ! ይህች ልጅ በዝናብ በሰበሰች እኮ። ምን ትጠብቃለህ? ንዳ!»

እኔም በእናቴና በእሷ መካከል ተጨምቄ ገባሁ። በራዱን ተቀብዬ አቀፍኩት። ገና ትኩስ ነበር።